ግዝትና ኪኒን

ባንቺዓለም ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው ሳል ይዟት ነው። ለሰው የምትናገረው እሱን ብቻ ነው። ከሳሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ግን አውጥታ ልትናገር አትችልም፤ ባሏ ገዝቷታል። የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ይይዛል፣ የታመመ ሐኪም ይጠይቃል፤ በገዛ ባሏ የተገዘተች የቄስ ሚስት ግን አቤት የምትለው ለማን ነው?

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ሲባት ነው። ቄስ ሰውአገኝ ከቅዳሴ ሲመለስ ነስሮት፣ ጋቢው ደረቱ ላይ በደም ርሶ ደረሰ። «ፀሐይ ነው» አለ። ቀኑ ደመና ነበር። ባንቺዓለም መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በመጨረሻ «እንግዲያው በር ላይ ወጥቼ እጮኻለሁ!» ብላ አስፈራርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሰውዬው ከአውሬ ይልቅ የጎረቤት ጆሮ ነው የሚፈራው።

ነርሷ ሲስተር ማኅሌት ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ምላሷም እጇም የፈጠነ ልጅ ናት። የቄሱን ክንድ አስራ ለካች፤ አሳርፋ ደግማ ለካች። «አባቴ፣ ደም ግፊት አለብዎት። ከዚች ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ ይውጣሉ። ተሻለኝ ብለው እንዳይተዉ፤ ይሄ በሽታ ድምፅ የለውም» አለችው።

ዋጠ። ነስሩ ቆመ፣ ራስ ምታቱም ለቀቀው። ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ። ሰውአገኝ ቀዳሽ ነው፤ በጾም ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ፣ ማለት ቀኑ ዘቅዘቅ እስኪል፣ ጠብታ ውኃ በጉሮሮው አያልፍም። ነርሷ ያለችው ደግሞ ጠዋት ነው። የኪኒኑን እሽግ መስቀሉን ከሚያኖርበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና «ጾም ሲፈታ» አለ። ባንቺዓለም «ኧረ ሄደን እንጠይቃት» ስትለው ነው ከመደቡ የተነሣው። መስቀሉን አነሣ።

«ይህን ነገር ከዚህ ቤት አውጥተሽ ለሰው ብትናገሪ በሥላሴ ገዝቼሻለሁ!» አላት።

ግዝት ቀልድ አይደለም። የላስታ ሰው የተገዘተ መሬት አያርስም፣ ግዝት ያለበትን ዛፍ አይቆርጥም። ባንቺዓለም ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ ሄዳ የነፍስ አባቷን ፍቱኝ ልትል አሰበች። ግን አባ ወልደ ሩፋኤል «ልጄ፣ በምን ተገዘትሽ?» ማለታቸው አይቀርም፤ መልሱን ስትናገር ግዝቱን ጣሰች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሆዷ ይዛ ሳል ባይዛት ነው የሚገርመው።

ሰውዬው ለምን ይህን አደረገ? የገና በዓል ስለቀረበ ነው። በላሊበላ የልደት ዕለት ካህናቱ ቁልቁል ከተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ዓለቱ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ ከሥር ያሉት ይቀበሏቸዋል። ከበሮው ሲመታ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዘማሉ፤ ከእግራቸው ጣት ወዲያ ገደል ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ የሰውአገኝ አባት እስኪሸብት ቆሟል፤ ከእሱ በኋላ ቦታው የልጁ ሆነ። ከጥቂት ዓመት በፊት ቄስ ምናለ የሚባል ባልንጀራው አንድ ቀን «ያዞረኛል» ብሎ ቢናገር «እንግዲያው ይረፉ» ተባለ። አሁን ቄስ ምናለ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀምጦ የቱሪስት ጫማ ይጠብቃል። ሰውአገኝ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ሞትን አይፈራም፤ ያንን የጫማ ረድፍ ነው የሚፈራው።

ባንቺዓለም ይህን ሁሉ ታውቃለች። እሷ የምትፈራው ሌላ ነው። መድኃኒቱን የተወ፣ ሲጾም የሰነበተ፣ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው እዚያ ጠርዝ ላይ አንዴ ብቻ ዓይኑ ቢጨልምበት ማን ይይዘዋል?

እንግዲህ ይህን እያሰበች ነው አግዳሚው ላይ ተራዋን የምትጠብቀው። በዚያ ሰሞን፣ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው፣ ጤና ጣቢያው አዲስ ሥርዓት ጀምሯል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በምንም ይምጣ በምን መጀመሪያ ክንዱን ይሰጣል። በቅሎ አከራዩ እግሩን በቅሎ ረግጣው ነው የመጣው፤ ተለካ፣ አለበት። ባለ ሱቋ ዓይኗን አሟት ነው የመጣችው፤ ተለካች፣ አለባት። ከገነተ ማርያም ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ደባሱ የሚባል ገበሬ ክንዱን እያሻሸ፣ «እንዴ ሲስተር፣ ደም ግፊት የሀብታም በሽታ አይደል እንዴ? እኔ ምን በልቼ ነው የያዘኝ?» አለ።

«አባቴ፣ ይሄ በሽታ ጓዳ አይፈትሽም» አለች ማኅሌት። «እዚህ አግዳሚ ላይ አራት ሰው ቢቀመጥ አንዱ አለበት። ያለበት ሰው ደግሞ አብዛኛው አያውቀውም።»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ባንቺዓለም አልሳቀችም። ይህ በሽታ ከላስታ ምድር የእሷን ቤት ብቻ መርጦ የገባ ነውር ይመስላት ነበር፤ አሁን እጅጌውን ሰብስቦ፣ ተርታውን ተቀምጦ፣ ጥርስና ዓይን እያለ ሲያወራ አየችው። ባሏ እዚህ ቢቀመጥ ብላ ተመኘች።

ተራዋ ደረሰ። ማኅሌት ለካች፤ አንዴ ቀና ብላ አየቻትና እንደገና ለካች።

«እናቴ፣ ራስዎን አያምዎትም? አያዞርዎትም?»

«ኧረ ምንም የለብኝ፤ ሳሌን ነው።»

«እሱ ነው ክፋቱ። መቶ ሰማንያ ገብቷል። ከቄሱ እንኳ ይበልጣል።» ኪኒኑን እያወጣች ቀጠለች፤ «ቄሱስ ደህና ናቸው? መድኃኒት የሚወስዱበት ቀን አልፏል።»

ባንቺዓለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እየዋጡ ነው?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እናቴ፣ እግዚአብሔርማ ያውቃል፤ እኔ ነኝ የማላውቀው!»

ባንቺዓለም ፊቷ ጋለ። ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ታያት። የተገዘተችው ስለ እሱ እንዳትናገር ነው እንጂ ስለ ራሷ እንዳትጠይቅ አይደለም። «ልጄ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጠዋት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው እንዴት ያደርጋል?»

«ማታ ይውጧታ! እህል ከቀመሱ በኋላ። በየቀኑ አይቋረጥ እንጂ ጠዋት ይሁን ማታ እኔ ምን ገዶኝ? ይህን ቀድመው ቢጠይቁኝ ኖሮ ስንቱ ጾመኛ መድኃኒቱን ባልተወ።»

ባንቺዓለም ሳሏን ረስታ፣ የሳሉን ሽሮፕ እንኳ ሳትቀበል ወጣች። ቀላል ነበር እኮ! ማታ! ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም።

ማታ ሰውአገኝ እራቱን ከበላ በኋላ እሽጉን ከውኃ ጋር አቀረበችለት። «ማታም ይዋጣል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። ስለ ራሴ ነው የጠየቅሁት። እኔም አለብኝ፤ ከአንቱ ይበልጣል።» የራሷን እሽግ አሳየችው።

ሰውአገኝ አያት። «በጄ፣ አንቺ ዋጪ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንቱስ?»

«ከገና በኋላ።»

«ጾሙ ነው ሲሉኝ ነበር። ይኸው ጾሙ አይደለም!»

ሰውአገኝ ሲናገር ወደ እሷ አላየም። «ቄስ ደርበው አጠገቤ ነው የሚቆመው። አብሮ አደጌ ነው፣ አብረን ነው የደቆንነው፤ ግን ዘንድሮ ዓይኑን ከእኔ ላይ አይነቅልም። አንዴ መድኃኒት ላይ ነው ከተባልሁ ቦታዬን ለሰው ያሰጥብኛል። ከዚያ ከምናለ ጎን ተቀምጬ ጫማ ልጠብቅ?»

«ጫማ መጠበቅ ይሻላል ከገደል!»

«ለአንቺ ይሻልሻል።»

ባንቺዓለም ዕድሜዋን ሁሉ ታዛለች፤ ስታገባ ታዘዘች፣ ልጇን ኮን ድረስ ስትድር ታዘዘች፣ ስትገዘት እንኳ ታዘዘች። ያን ማታ ግን የሆነ ነገር ተበጠሰባት። የራሷን እሽግ ወሰደችና ከእሱ እሽግ ላይ ደርባ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው የእኔም እዚህ ይቀመጥ። አንቱ በዋጡ ቀን እኔም እውጣለሁ።»

«አብደሻል?»

«ቄስ ሁለት ሚስት የለውም። እኔ ብሞት ወይ ይመነኩሳሉ፣ ወይ ሌላ አግብተው ይህን ጥምጥም ያወልቃሉ። የጠርዙ ነገር ያን ጊዜ ይታሰብበታል!»

ክፉ ንግግር ነው። ተናግራው ስትጨርስ ራሷም ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። ላስታ ዓለት ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን የወጣበት አገር ነው፤ ሰዉም እንደ ዓለቱ ነው፣ እስኪፈለፈል ጊዜ ይፈጃል። እሱ የሚሸነፍ መሰላት፤ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት።

አልተሸነፈም። ታኅሣሥ እየገፋ ሄደ። ሁለቱ እሽጎች ከመስቀሉ ጎን ተደራርበው ተቀመጡ፤ እሱ መስቀሉን ሲያነሣ ያያቸዋል፣ ሲመልስ ያያቸዋል። ባንቺዓለም ከወጡ ላይ ጨው ቀነሰች፤ «ምነው ይሄ ሽሮ ውኃ ውኃ አለ?» ሲል «ጨው ተወደደ» አለችው። ቅዳሜ ገበያ ማኅሌት አግኝታት «እናቴ፣ እየዋጡ ነው?» ብትላት «እየዋጥሁ ነው ልጄ» ብላ ዋሸች። በጾም ዋሸች። ቤቷ እስክትደርስ ልቧ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር፤ ውሸቱ ይሁን በሽታው ለይቶ የሚነግራት የለም።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ ይጮኽ ጀመር። ቀድሞ ምንም የማይሰማት ሴት፣ ቁጥሩን ካወቀች በኋላ እያንዳንዷን ውጋት ታዳምጣለች። አንድ ጠዋት እንስራውን ልታወርድ ስትል ግራ እጇ ከዳትና እንስራው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ሰውአገኝ በሩ ላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን ለቀመ። ገሉን በጋቢው ታቅፎ ወጣ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መደርደሪያው ላይ የኪኒን እሽግ ሲንኮሻኮሽ ሰማች፤ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። እሽጉ ተመልሶ ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ። ያን ጊዜ ጠላችው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ካገባችው ጀምሮ እንደዚያ ጠልታው አታውቅም። እኔን እያየ እንዴት ያስችለዋል?

ከጥላቻው የባሰ ሌላም ነገር ነበር። ቢሸነፍስ? ነገ ኪኒኑን አንሥቶ ቢውጥ፣ የዋጠው እሷን ላለማጣት ነው ወይስ ክህነቱን ላለማጣት? በጥምጥሙ ያስፈራራችው ራሷ ናት። የልቡን ማወቂያ መንገዱን በገዛ አፏ ዘጋችው። ይህ ጥያቄ ከጆሮዋ ጩኸት ጋር አብሮ ይዞራት ጀመር።

የልደት ዋዜማ ላሊበላ ጠበበች። ከኮን፣ ከዋድላ፣ ከየት ከየት በእግሩ የመጣው ምእመን ጥጋጥጉን ሞላው። ሰውአገኝ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ጋቢውን ደርቦ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ፤ የሚናገር መሰለ። «ብርድ እንዳይመታሽ» ብሎ ሄደ። ባንቺዓለም ሁለቱንም እሽጎች አነሣችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው። ለምን እንዳነሣቻቸው አታውቅም።

ጠዋት ፀሐይ ዓለቱን ስትነካ፣ ባንቺዓለም ከታች ግቢው ውስጥ፣ ከሕዝቡ መካከል ነበረች። ሆን ብላ እሱ የሚያያት ቦታ መርጣ ነው የቆመችው። ቀና አለች። ካህናቱ ነጭ በነጭ ለብሰው የዓለቱን ጠርዝ ከበውታል። ሰውአገኝን ለየችው፤ ከግራው ቄስ ደርበው ቆሟል። ከበሮው ተመታ። ረድፉ ወደ ግራ ዘመመ፣ ወደ ቀኝ ዘመመ። ሕዝቡ እልል አለ። የእሷ ዓይን እግሩ ላይ ነው። ወደ ቀኝ በዘመመ ቁጥር የራሷ እግር መሬቱን ይቆነጥጣል።

እሱም አይቷታል። እየዘመረ ዓይኑ ተመልሶ ተመልሶ እሷ ላይ ያርፋል።

አጠገቧ የቆሙ አንዲት አሮጊት ተሳላሚ ነበሩ፤ ከኮን በእግራቸው የመጡ፣ የጸበል ሃይላንድ በደረታቸው ያቀፉ። ድንገት ጉልበታቸው ከዳቸውና ባንቺዓለም ላይ ተደገፉ። «ወይኔ እናቴ!» ብላ ልትይዛቸው አጎነበሰች፤ አብራቸው ወደ መሬት ወረደች። ሰው ላያቸው ላይ ተገፋፋ። እያቀፈች፣ «ዞር በሉ! አየር ስጡን!» እያለች እንደምንም አስቀመጠቻቸውና ቀና አለች።

ወደ ጠርዙ አየች። ከደርበው አጠገብ ክፍት ነው።

ረድፉ ተዛብቷል። የደርበው ክንድ አየር ላይ ቀርቷል፤ የሆነ ነገር ለመያዝ እንደተዘረጋ። ከላይ ሰዎች ይጮኻሉ። ከበሮው በአንድ በኩል ቆሟል፣ በሌላ በኩል ገና ያልሰማው ይመታል። ባንቺዓለም ሰውን በክንዷ እየገፋች ወደ ግድግዳው ሥር ሮጠች። ወድቋል። እዚያ ነው ያለው። ገደልሁት፤ ባልጨቀጭቀው፣ ዓይኑ እኔን ባይፈልግ አይወድቅም ነበር። ግድግዳው ሥር ደረሰች። ልጆች ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ጡት ታጠባለች። የወደቀ ሰው የለም።

«ባንቺዓለም! ባንቺዓለም!»

ድምፁ የመጣው ከኋላዋ፣ ከመውረጃው ደረጃ በኩል ነው። ሰውአገኝ ሕዝቡን በሁለት እጁ እየቀዘፈ ይመጣል። ጋቢው በአንድ ትከሻው ቀርቷል፣ መቋሚያውም የለም። እንደዚያ ሲጮኽ ሰምታው አታውቅም። ሲያያት ቆመ፤ ከዚያ መጥቶ ሁለት ክንዷን ጨብጦ ያዛት፣ እውነት መሆኗን እንደሚያረጋግጥ።

«ወድቀሽ... ወደ መሬት ስትሄጂ አየሁሽ። ወድቀሽ መስሎኝ።»

«እኔም አንቱ ወድቀው መስሎኝ!» እንባዋ መጣ፤ እንባው ከቁጣው ጋር ነው የመጣው። ደረቱን በጡጫ መታችው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቄስን። አልከለከላትም።

«ስጪኝ» አለ።

ነጠላዋን ፈታች። አሮጊቷ ተሳላሚ በተቀመጡበት ሆነው ጸበላቸውን ዘረጉ። ሰውአገኝ አንድ ፍሬ ኪኒን በጸበል ዋጠ። በዚህ መካከል ቄስ ደርበው እያለከለከ ደረሰ። ሰውአገኝ ዞር አለና ከበሮ በለመደ ጉሮሮው፣ ማንም እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ።

«ደርበው፣ ደም ግፊት አለብኝ። እሷም አለባት። ገዝቼያት ነው እንጂ ትነግራችሁ ነበር። ቦታዬን ለወደዳችሁት ስጡት።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ደርበው ጎንበስ ብሎ እሽጉን አየ፤ ቀረብ አድርጎ ደግሞ አየ። «ይቺ ናት እንዴ? የእኔዋ እኮ ናት!»

«የአንተ?»

«ከነሐሴ ጀምሮ ማታ ማታ እውጣታለሁ። አንተ ካወቅህ ቦታዬን ታሰጥብኛለህ ብዬ ይህን ሁሉ ወር አንተን አንተን ሳይ ነው የከረምሁት!» ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። «አሁንማ ከጠርዙ ተንደርድረህ ስትዞር ጋቢህን ባልይዘው ኖሮ ቦታህን ለሰው ሰጥተህ ነበር።»

ባንቺዓለም ከራሷ እሽግ አንድ ፍሬ አወጣች። ምላሷ ላይ አደረገችው። ሃይላንዱን አንሥታ ግን አልጠጣችም፤ ጥያቄው ነበረባት። ለእኔ ነው የወረዱት ወይስ ለክህነትዎ? አሁን ካልጠየቀችው መቼም አትጠይቀውም።

«በል እንካ» አለ ደርበው፣ በብብቱ የያዘውን ነገር አውጥቶ። የተፈታ፣ አቧራ የጠጣ፣ የሰው ዳና የታተመበት ነጭ ጨርቅ ነው።

ሰውአገኝ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። ባዶ ነው። መላጣው በልደት ፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ባንቺዓለም ራሷ ከቤት ውጭ ያለ ጥምጥም አይታው አታውቅም።

«የት ወድቆ ነው?»

«ደረጃው አፍ ላይ። ሰው ሁሉ ሲረግጠው፣ ‹ጥምጥምህ! ጥምጥምህ!› እያልሁ ስጮኽብህ አልሰማህም?»

«አልሰማሁም» አለ ሰውአገኝ።

ባንቺዓለም ጥያቄዋን ከኪኒኑ ጋር ዋጠችው።